ልምምድ በቆመ መኪና ውስጥ

ሞተሩን አጠፋሁ። ክሊቭላንድ ጨልሟል፤
ከሐይቁ ወገን የመጣ ነፋስ መስታወቱን ይልሳል።
ኤመሪ አጠገቤ፣ እግሩ ወለል ሳይነካ፣
ቀበቶውን ይፈታል፣ መልሶ ይቆልፋል፣ አይረካ።
ዘጠኝ ዓመት ሞላው ባለፈው ማክሰኞ፤
ብቻውን ሱቅ ሊሄድ ቃል አስገብቶኛል፣ ለፊታችን ሰኞ።

«አንድ ጨዋታ አለ፣ አባቴ ለኔ ያጫወተኝ፣
ልክ ያንተን ያህል ሳለሁ፣ አሮጌ ፎርድ ውስጥ ያስቀመጠኝ።
እኔ ፖሊስ ልሁን፣ አንተ ራስህን ሁን።
እጅህ የት ነው ያለው? አሳየኝ አሁን!»

ከኪሱ ብቅ አሉ ሁለት ትንሽ መዳፍ፣
አንዱ ላይ በእስክሪብቶ የተሳለ ዳይኖሰር፣ ባለትልቅ አፍ።

«በቀስታ፣ በቀስታ። ሱቅ ስትገባ ኪስህን እርሳው፤
የጃኬትህን ኮፍያ፣ ቢበርድህም፣ ከራስህ ላይ አንሳው።
አንዲት ማስቲካ ብትገዛ እንኳ ደረሰኝ ተቀበል፤
ቤት እስክትደርስ ድረስ ከእጅህ አትጣል።
ደግሞ አትሩጥ።»
«ዝናብ ከሆነስ?»
«አትሩጥ።»
«ውሻ ቢያባርረኝስ?»

ዝም አልኩ።
ለውሻው መልስ አልነበረኝም።

ቁልፍ ሠሪ ነኝ እኔ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው በር ከፍቼ፣
ስንቱን ደጅ የቀረ ወደ ቤቱ አስገብቼ፣
ሥራ ሳልጀምር ግን እላለሁ፦ «እሜቴ፣ እባክዎ፣
አጠገቤ ይቁሙ፣ ጎረቤት እንዲያይዎ።»
ስሜ በቢጫ ክር ደረቴ ላይ ተሰፍቶ፣
ፈቃዴ እንደ ቃጭል አንገቴ ላይ ወጥቶ።
የማትከፍተው ነገር የለም ይሉኛል ደንበኞቼ።
አለ።
መንገድ ስሻገር፣ ከቆመ መኪና ውስጥ፣ «ቋ» የሚል።
የቱ ሞዴል እንደሆነ ከድምፁ አውቀዋለሁ፤
መክፈቻውን ግን አላውቅም።

«ምን አጥፍቼ ነው ግን?» አለኝ ኤመሪ።
«ምንም።»
«ታዲያ?»

ይቺ «ታዲያ» ጉሮሮዬ ውስጥ እንደተሰበረ ቁልፍ ቀረች፤
ወደፊትም ወደኋላም አልንቀሳቀስ አለች።
«አንዳንድ ሰው አለ» አልኩ፣ «አንተ ሳትደርስ ወሬህ የሚደርሰው፣
ያላደረግኸውን ካንተ በላይ የሚያውቀው።»

አሰበበት። ማስቲካውን አፈነዳ።
«ኮልተንስ? የሱ አባት ያጫውተዋል ይህን ጨዋታ?»
«አይ። ኮልተን አይጫወትም።»
«ያሳዝናል» አለ፣ ከልቡ።

ከዚያ ድንገት፦ «አሁን ደግሞ እኔ ፖሊስ!»
ጉንጩን ነፋ፣ ድምፁን አወፈረ።
«እጅህን!»

መሪው ላይ አኖርኩ፣ አሥሩንም ጣቴን፣ ጨዋታ ነው እያልኩ፤
ሃምሳ ሊሞላኝ ነው፤ ተንቀጠቀጥኩ።
ልጄ አየ።
ማየቱን አየሁ።

ቆየ፣ ብዙ ቆየ። የመንገዱ መብራት አንድ ጊዜ ተለወጠ፣
ፊቱ ቀይ ነበረ፣ አረንጓዴ ሆነ።
«ስምህ ማነው?»
«ሉሽየስ ፔቲግሩ።»
«ወዴት ነው የምትሄደው?»
«ወደ ቤት። ልጄን ይዤ።»
«በል ሂድ» አለኝ በዚያው ወፍራም ድምፁ፣
«ይበርዳል። ኮፍያህን አድርግ።»

አደረግኩ። ታዝዣለሁና።

ሰኞ ዘነበ።
ቀሪ በለው፣ ነገ ይሄዳል፣ አለች እናቱ፤
እሱ ግን በሩን ከፍቶ ወጥቷል።
በመስኮት ቆሜ ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ፣ አሥራ ሁለት፣
ከዳቦ ቤቱ ማዕዘን ሲታጠፍ አየሁት፤
ራሱ ባዶ፣ ውሃው በጆሮው ሥር እየወረደ፣
ደረሰኙን ሁለት እጁ ውስጥ እንደ ጫጩት ደብቆ፣
የቀረውን መንገድ፣ መላውን መንገድ፣
እየተራመደ።